አልዘጋ ያለ የኮንቨርተብል ጣሪያ፦ ጉልበት ከመጠቀማችሁ በፊት ይህን ፈትሹ

ደመናው ከብዷል፣ ጣሪያው በሚታጠፍ መኪናችሁ (ኮንቨርተብል) ውስጥ የጣሪያውን ቁልፍ ተጭናችኋል፣ ጣሪያው ግን ንቅንቅ አይልም። ወይም ግማሽ መንገድ ሄዶ አየር ላይ ተገትሯል። እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰው ቁልፉን ደጋግሞ ይጫናል። አልሆን ሲል ደግሞ ወርዶ ጣሪያውን በእጁ ይጎትታል። ሁለቱንም ተዉት። በአንዲት ትንሽ ስዊች የተጀመረ ችግር በጉልበት ምክንያት የተጣመመ ብረትና የተቀደደ ሸራ ሆኖ ሲያበቃ ያሳዝናል።

በሞተር የሚታጠፍ ጣሪያ ሥራውን በተራ በተራ ነው የሚሠራው። መስኮቶቹ ዝቅ ይላሉ፣ የኋላው መክደኛ ይከፈታል፣ ጣሪያው ይነሳል፣ መክደኛው ይመለሳል፣ በመጨረሻም የፊቱ መቆለፊያ ከፊት መስታወቱ በላይ ያለውን ጠርዝ ይይዛል። ቅደም ተከተሉ ከመኪና መኪና ይለያያል። በየመሃሉ ግን አንድ ሴንሰር "ይሄኛው አልቋል" ብሎ ካላረጋገጠ ቀጣዩ አይጀመርም። ነገሩ የዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1959 የተመረተው ፎርድ ስካይላይነር የብረት ጣሪያውን ለማጠፍ 10 ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያና ማጥፊያ)፣ 10 የማቆሚያ ስዊችና 186 ሜትር ገደማ ሽቦ ነበረው። ዛሬ ሥራውን የሚመራው ኮምፒውተር ቢሆንም ሐሳቡ ያው ነው። ስለዚህ ጣሪያው እምቢ ሲል አብዛኛውን ጊዜ የሆነ ነገር አልተሟላለትም። ሥራችን የጎደለውን መፈለግ ነው፤ ፍለጋውም ገንዘብ ከማያስወጣው ቦታ ይጀምራል።

መጀመሪያ ለደህንነታችሁ

ደልዳላ ቦታ ላይ ቁሙ። ጣሪያው ሲታጠፍና ሲዘረጋ ከመኪናው ቁመት በላይ ስለሚነሳ ከላይም ከኋላም የሚነካው ነገር አይኑር። ልጆችን አርቁ። ግማሽ ላይ የቆመ ጣሪያ የጸና ይመስላል። ብዙ ጊዜ ግን የያዘው ፓምፕ የሚገፋው የዘይት ግፊት ብቻ ነው። አንዳንድ መኪኖች ላይ ግፊቱ ከደቂቃዎች በኋላ ይለቀቅና ጣሪያው በራሱ ይወርዳል። በመጋጠሚያዎቹ መሃል ጣት አታስገቡ። ሞተር አስነስታችሁ የምትሞክሩ ከሆነ ደግሞ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አይሁን፤ ጭሱ ይገድላል።

ያልተሟላው ምንድን ነው?

የኋላውን ኮፈን ክፈቱ። ብዙ መኪኖች ላይ የጣሪያውን ቦታ ከዕቃው ቦታ የሚለይ መጋረጃ ወይም መክፈያ አለ። በቦታው ካልተዘረጋ ጣሪያው አይንቀሳቀስም። የተዘረጋ ቢመስልም ነቅላችሁ እንደገና ግጠሙት፣ ጫፎቹ ቀጭ ብለው ሲገቡ ስሙ። ከሥሩ የተወሸቀ ጃኬት ወይም ቦርሳ ገፍቶት ሊሆን ይችላል። ከዚያ ኮፈኑን በደንብ ዝጉ። እኔ ከየትኛውም ነገር በፊት የማየው ይህንን ነው።

ቀጥሎ መኪናው ራሱ የሚጠይቃቸው ነገሮች አሉ። አንዳንዱ ሙሉ በሙሉ ካልቆመ አይሠራም፣ አንዳንዱ በዝግታ እየሄደም ይፈቅዳል። አንዳንዱ ማርሹ ፓርክ ላይ እንዲሆን ይፈልጋል። የመጀመሪያው ትውልድ ፖርሽ ቦክስተር ደግሞ የእጅ ፍሬን ካልተያዘ ጣሪያውን አያንቀሳቅስም። እዚያ መኪና ላይ የእጅ ፍሬኑ ስዊች ብቻ ተበላሽቶ ጣሪያውን ሊያስቆመው ይችላል። ፍሬኑን ስትስቡ የዳሽቦርዱ መብራት ካልበራ ስዊቹን ጠርጥሩ።

ቁልፉን እስከ መጨረሻው ሳትለቁ ያዙት። ብዙ ሰው ጣሪያው የደረሰ ሲመስለው ይለቅቃል፣ ሥራው ግን አላለቀም። ጣሪያውን በተከታታይ ስትከፍቱና ስትዘጉ ከነበረም የጣሪያው ሞተር ግሎ ራሱን አቁሞ ይሆናል፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ስጡት። ከባድ ብርድም ጣሪያ ያስቆማል። አንዳንድ መኪኖች ሙቀቱ ከዜሮ በታች በጣም ሲወርድ ሥራውን ይከለክላሉ፤ ሸራውና የኋላው መስታወት እንዳይጎዱ ነው።

ባትሪው በቅርቡ ተነቅሎ ወይም ተቀይሮ ከነበረ መስኮቶቹን አስታውሱ። መስኮቶቹ የት ላይ እንዳሉ ሲጠፋባቸው ጣሪያውም አብሮ ይቆማል። ብዙ መኪኖች ላይ መስኮቱን እስከ ላይ አውጥቶ ቁልፉን ጥቂት ሰከንድ ይዞ መቆየት ይበቃል። ለእያንዳንዱ መስኮት ይህን አድርጉ።

ባትሪው

ሬዲዮው ስለዘፈነ ባትሪው ደህና ነው ማለት አይደለም። የጣሪያው ፓምፕ ብዙ ኃይል በአንዴ ይስባል፤ ደከም ያለ ባትሪ መብራቱን እያበራ ጣሪያውን ግን መሃል ላይ ሊጥለው ይችላል። በቴስተር (በቮልት መለኪያ) ለኩት። ሙሉ ባትሪ አርፎ ሲለካ 12.6 ቮልት አካባቢ ነው። 12.2 ከሆነ ግማሽ ያህል ወርዷል። ሞተሩ ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ ከ13.7 እስከ 14.7 መሆን አለበት። ቴስተር ከሌላችሁ ሞተሩን አስነሱ፣ ኤሲውንና መብራቱን አጥፉ፣ ከዚያ ሞክሩ። ሞተር ተነስቶ የሚሠራ፣ ጠፍቶ የማይሠራ ጣሪያ ችግሩን ነገራችሁ ማለት ነው። የባትሪው ጫፎች ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለም አጽዱና አጥብቁ።

አሁን ድምፁን ስሙ

እስካሁን ካልተፈታ አንድ ጊዜ ብቻ ተጫኑና በጥሞና አዳምጡ። ሬዲዮ ይጥፋ፣ ሌላ ሰው ከኋላ ይቁም።

ምንም ድምፅ ከሌለ ኤሌክትሪኩ አልደረሰም ወይም ኮምፒውተሩ አልፈቀደም። ፊውዙን እዩ። ከተቃጠለ በተመሳሳይ አምፔር ቀይሩት፤ ከፍ ያለ ፊውዝ ወይም ሽቦ ማስገባት መኪና ማቃጠል ነው። አዲሱም ወዲያው ከተቃጠለ የሆነ ቦታ ሾርት አለና አቁሙ። ሪሌዩን ደግሞ እዚያው ሳጥን ውስጥ ካለ ፍጹም ተመሳሳይ ቁጥር ያለው ሪሌይ ጋር ቀያይራችሁ መሞከር ትችላላችሁ።

ፓምፑ እያጓራ ጣሪያው ካልተነሳ ዘይቱ አንሷል፣ ወይም በእጅ ለመዝጋት የሚከፈተው ቫልቭ ክፍት ቀርቷል። ከዚህ በፊት ሌላ ሰው ነካክቶት ከነበረ ቫልቩን መጀመሪያ እዩ። ዘይት ሳይሆን በገመድና በጥርስ የሚሠራ ጣሪያ ከሆነ ደግሞ ገመዱ ተበጥሶ ወይም የፕላስቲክ መጋጠሚያው ተሰብሮ ሊሆን ይችላል። አንዱ ጎን ብቻ ከተነሳ ወዲያውኑ ልቀቁት፤ መቀጠል ክፈፉን ያጣምመዋል።

ተነስቶ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚቆም ከሆነ ደስ ይበላችሁ፣ ፍለጋው ጠቧል። የቆመበት ቦታ ላይ ሥራው ማለቁን የሚናገረው ሴንሰር ተበላሽቷል፣ ቆሽሿል ወይም ሽቦው ተቆርጧል። የቆመበትን ቦታ በስልካችሁ ቪዲዮ ያዙ። የሸራ ጣሪያ ከሆነ በሁለቱም ጎን ያሉትን የላስቲክ ማሰሪያዎችም እዩ። ላስቲኩ ሲላላ ሸራው ወደ ውስጥ አይሰበሰብም፤ በብረቱ መሃል ይቆነጠጣል፣ ጣሪያውንም ያስቆመዋል።

ሽቦን በተመለከተ አንድ ቦታ ከሁሉም ይበልጥ ይጠረጠራል። ከመኪናው አካል ወደ ኋላው ኮፈን በማጠፊያው በኩል የሚያልፈው እቅፍ ሽቦ ነው። ኮፈኑ በተከፈተ ቁጥር ይታጠፋል፣ ከዓመታት በኋላ ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ ይበጠሳል። የታርጋ መብራቱ ወይም የኮፈኑ መክፈቻ ቁልፍ አንዳንዴ እየሠራ አንዳንዴ ካልሠራ እዚያ ፈልጉ።

እስከ መጨረሻ ሄዶ የፊቱ መቆለፊያ የማይይዝ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሸራው ነው። ለረጅም ጊዜ ተከፍቶ የቆየ ወይም በብርድ የተኮማተረ ሸራ ያጥራል። ሞቅ ያለ ቦታ አቆዩትና እንደገና ሞክሩ። የመቆለፊያው ጎድጓዳ ቦታ ውስጥ ጠጠር ወይም ቅጠል አለመኖሩንም እዩ።

ዘይቱ

የዘይቱ ማጠራቀሚያ ብዙ ጊዜ ከኋላ ኮፈኑ ውስጥ ከጎን ልባሱ ጀርባ ወይም ከኋላ ወንበር ሥር ነው። መጠኑ የሚለካው ጣሪያው በምን ሁኔታ ላይ ሲሆን እንደሆነ መመሪያው ይናገራል። ይህን ችላ ብሎ የሞላ ሰው ጣሪያው ሲንቀሳቀስ ዘይቱ ሞልቶ ሲፈስበት ያገኘዋል። ዓይነቱም ወሳኝ ነው። አንዳንዱ መኪና አረንጓዴ ሰው ሠራሽ ዘይት፣ ሌላው ቀይ የካምቢዮ ዘይት ይፈልጋል። ከተቀላቀለ ውስጥ ያሉትን የላስቲክ ማሸጊያዎች ይጎዳል። "ዘይት ዘይት ነው" የሚላችሁን አትስሙ።

ዘይት ዝም ብሎ አያልቅም፤ ከጎደለ የሚፈስበት ቦታ አለ። ምንጣፉን፣ ጣሪያውን በዘይት ግፊት የሚገፉትን ሲሊንደሮች አንገትና የፊቱን ጠርዝ ዳብሱ፤ ይህን የምታደርጉት ግን ሲስተሙ ጠፍቶ ግፊቱ ሲለቀቅ ብቻ ነው። ጃጓር ኤክስኬ8 ላይ ወደ ፊቱ መቆለፊያ የሚሄደው ቱቦ ሲፈነዳ አረንጓዴው ዘይት ተሳፋሪው ላይ ይዘንባል። ፓምፑ እየሠራ ፍሳሽን በጣት መፈለግ ፈጽሞ አይሞከርም። በከፍተኛ ግፊት የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ይህ ከደረሰ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ወዲያው ሐኪም ቤት ነው። የካርቶን ቁራጭ ያዙና በእሱ ፈልጉ።

በእጅ መዝጋት ሲያስፈልግ

የመኪናውን ቁልፍ አጥፉ። መመሪያው ላይ ያለውን የአደጋ ጊዜ አዘጋግ አንብቡ፤ መሣሪያው ብዙ ጊዜ ከመኪናው ጋር ይመጣል። ፓምፑ ላይ ያለውን ቫልቭ በቀስታ ወደ ግራ አዙሩና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ ሁለት ሰው በግራና በቀኝ ሆኖ እኩል ያንሳ። አንድ ሰው ብቻውን ከአንድ ጎን ካነሳው ይጣመማል። ከባድ ከሆነ ግፊቱ አልተለቀቀም፤ አታስገድዱት። የፊቱ መቆለፊያ አብዛኛውን ጊዜ በባለ ስድስት ጎን ቁልፍ ይዞራል። ሳይቆለፍ አትንዱ፤ ነፋሱ ጣሪያውን ይነቅለዋል። ከተዘጋ በኋላም እስኪጠገን ድረስ የጣሪያውን መክፈቻ ቁልፍ አትጫኑ።

መካኒክ ጋ ስትሄዱ መጀመሪያ የጣሪያውን ኮምፒውተር የሚያነብ ስካነር እንዳለው ጠይቁ። ርካሾቹ ማንበቢያዎች የሚያነቡት ሞተሩን ነውና "የብልሽት ኮድ የለም" ቢሏችሁ ጣሪያው ደህና ነው ማለት አይደለም። ከዚያ ቪዲዮውን አሳዩት፣ የሰማችሁትን ድምፅና የለካችሁትን ቮልት ንገሩት፣ ሙሉው ፓምፕ ይቀየር ከማለቱ በፊትም ሴንሰሮቹንና የማጠፊያውን ሽቦ እንዲያይላችሁ ጠይቁት።