ሰማይ ላይ የማታውቁትን ብርሃን ስታዩ መጀመሪያ እርሳስ፣ ከዚያ ወሬ

ዋሽንግተን ናሽናል አውሮፕላን ማረፊያ ደጃፍ የታክሲ ተራ ስጠብቅ አሥራ አንድ ዓመት አምሽቻለሁ። በሐምሌ 1952 (እ.ኤ.አ.) የዚሁ ማረፊያ ራዳር ምንነታቸው ያልታወቀ ምልክቶችን አሳይቶ፣ ተዋጊ ጄቶች እስከ መላክ ተደርሶ ነበር። የአየር ኃይሉ ጄኔራል ጆን ሳምፎርድ ጋዜጠኞችን ሰብስበው፣ ሞቃት አየር በቀዝቃዛው ላይ ተደርቦ የራዳሩን ሞገድ አጥፎት ሳይሆን አይቀርም አሉ። ስለዚህ ከሾፌሮቹ አንዱ «ያንን ተመልከቱ!» ሲል አልስቅም፤ ደብተሬን አወጣለሁ።

በደብተሬ የምሞላቸውን ጥያቄዎች ከራሴ አላመነጨኋቸውም። የአሜሪካ አየር ኃይል ከ1952 እስከ 1969 ኦሃዮ ውስጥ ባካሄደው ፕሮጀክት ብሉ ቡክ ለዓይን ምስክሮች መጠይቅ ያስሞላ ነበር። ከ12,618 ጥቆማዎች 701ዱ «ያልታወቀ» ተብለው ቀሩ። «መረጃ የጎደለው» ግን ሌላ መደብ ነው። በግዴለሽነት የተሞላ ቅጽ ምሥጢር አይሆንም።

መጀመሪያ የጀመረበትንና ያበቃበትን ሰዓት ጻፉ፤ በማን አቆጣጠር እንደሆነም ጭምር። አንድ ባልደረባዬ «2፡10» ብሎ ሰጠኝ። በእኛ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው ወይስ በፈረንጅ ሁለት፣ ማለትም በእኛ ከሌሊቱ ስምንት? ከበረራ ሰሌዳ ጋር ለማመሳከር ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ።

ቀጥሎ መጠን። «ምጣድ ያክላል» የሚል አይጠፋም። መጠይቁ የሚለው፣ ክንድህን ዘርግተህ ብትይዘው ከየትኛው ይስተካከላል ነው፤ ከመርፌ ራስ፣ ከአተር ወይስ ከሳንቲም? ሙሉ ጨረቃን በተዘረጋ ክንድ የተያዘ አንድ አተር ይጋርዳታል። ምጣድ ያላችሁት ምናልባት የመርፌ ራስ ነው።

ከፍታውን በጡጫ ለኩ፤ ክንድ ተዘርግቶ አንድ ጡጫ አሥር ዲግሪ ገደማ ነው። ከደመና ወይም ከዛፍ ጀርባ ማለፉንም መዝግቡ። ደግሞ ከመኪና ውረዱ! የዳሽቦርድ መብራት በመስታወት ላይ ተንጸባርቆ ስንቱን አስደንግጧል።

ምስክር ሁለት ከሆነ ለየብቻ ይጻፍ። «ክብ ነበር?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «ምን ይመስል ነበር?» በሉ። ባለፈው በልግ ጋሼ የምንለው አንጋፋ ሾፌር ከወንዙ በላይ ቆሞ የቀረ ብርቱ ብርሃን አሳየኝ። «ጋሼ፣ ለማንም ሳይነግሩ ይጻፉ» አልሁት። «ሰሜን፣ ሁለት ጡጫ፣ አይንቀሳቀስም» ብሎ እየጻፈ ሳለ ብርሃኑ ዞር ሲል ቀይና አረንጓዴ የክንፍ መብራት ታየ። ፖቶማክን ተከትሎ የሚወርድ አውሮፕላን ነበር፤ የፊት መብራቱ ወደ እኛ ስለዞረ የቆመ መሰለ።

ቢሆንም «ፕላኔቷ ቬነስ ናት» ብሎ በችኮላ መዝጋትም ስንፍና ነው። በጥር 1948 ኬንታኪ ውስጥ አብራሪው ካፒቴን ማንቴል አንድ ነገር ሲያሳድድ ተከስክሶ ሞተ። መጀመሪያ ቬነስ ተባለ፤ በኋላ ግን የባሕር ኃይሉ የምሥጢር ፊኛ፣ ስካይሁክ፣ የበለጠ አሳማኝ ሆኖ ተገኘ።

በደብተሬ አንድ ገጽ አለ፤ ብርቱካናማ፣ ዝግተኛ፣ አርባ ሴኮንድ። የነፋሱን አቅጣጫ ስላልጻፍሁ ፊኛ መሆን አለመሆኑን መለየት አልቻልሁም፤ «መረጃ የጎደለው» ብዬ ዘጋሁት።