አዛዥ ከምልምል ወታደር የሚጠብቀው

ከአዳማ ወደ ማሰልጠኛ የሚሄዱ ብዙ ወጣቶች፣ አዛዥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመለከተው ጉልበትን ይመስላቸዋል። ጉልበት ግን በሥልጠና ይገነባል፤ ሰዓት ማክበርና እውነት መናገር ከመጀመሪያው ቀን ይጠበቃሉ።

ሠልጣኝ ትእዛዝን እስከ መጨረሻው አዳምጦ በቃሉ መድገም፣ ያልገባውን ከመፈጸሙ በፊት መጠየቅ፣ ሥራውን ሲጨርስም ሳይጠራ ሪፖርት ማድረግ ይኖርበታል። አቤቱታውን በቅድሚያ ለቅርብ አለቃው ያቅርብ።

መሣሪያን በተመለከተ ቸልተኝነት ቦታ የለውም። ማንኛውም መሣሪያ ጥይት እንደጎረሰ ይቆጠራል፤ አፈሙዙ ወደ ሰው አይዞርም፣ ዒላማው እስኪለይም ጣት ከቃታው ይርቃል። ለጽዳት ከመፍታቱ በፊት ካዝናውን አውጥቶ ጥይት አለመጉረሱን በዓይኑ ማረጋገጥ፣ በእኔ እምነት፣ ከሰልፍ ትርዒት ሁሉ ይበልጣል።

የቆሰለ እግርን መደበቅ ጀግንነት አይደለም። በቆላ ሙቀት ሲጓዝ ጥም እስኪሰማው ሳይጠብቅ ውሃ ይጠጣ፤ ራሱን ካዞረው ወይም ጓደኛው መቀባዠር ከጀመረ ወዲያውኑ ያሳውቅ፤ የሙቀት ምት ይገድላልና።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 87 ሠራዊቱ ከፖለቲካ ድርጅቶች ወገናዊነት ነፃ እንዲሆን ስለሚያዝ፣ ሠልጣኙ የፓርቲ ክርክርን ከካምፑ በር ውጭ ይተው።