አዲስ አፕዴት ሲወጣ አትሩጡ

ኦንላይን አርፒጂ (ከሌሎች ጋር በኢንተርኔት ገጸ ባሕርይ እያሳደጉ የሚጫወቱት ጌም) የሚጫወት ሰው ሁሉ ይህን ንዴት ያውቀዋል። ለወራት ለፍታችሁ ያገኛችሁት ሰይፍ በአንድ አፕዴት ዋጋ ያጣል። ወይ ደግሞ ግማሽ ዓመት ሙሉ ምንም አዲስ ነገር ሳይመጣ ይቆይና፣ ሲመጣ በሳምንት ያልቃል። እኔ የምሠራው ስድስት ኪሎ፣ አንድ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሱቅ ውስጥ ነው። ማታ ግንፍሌ ቤቴ ስገባ ጌሜን እከፍታለሁ። የጎረቤቴ ልጅ በር አንኳኩቶ «ጋሼ፣ አዲሱ ወጣ! ዳውንሎድ ጀመርክ እንዴ?» ሲለኝ መልሴ ሁሌም አንድ ነው፦ ረጋ በል። ረጋ ማለት ግን ዝም ብሎ መቀመጥ አይደለም። ሥራ አለው።

መጀመሪያ የመጣውን ነገር ዓይነት ለዩ። አንዳንዱ አፕዴት የሌቨል ጣሪያውን፣ ማለትም ገጸ ባሕርያችሁ ሊደርስበት የሚችለውን የመጨረሻ ደረጃ፣ ከፍ ያደርጋል። አንዳንዱ ጣሪያውን ሳይነካ አዲስ አገር፣ አዲስ ታሪክ፣ አዲስ ሙያ ይጨምራል። የሚያናድደው በአብዛኛው የመጀመሪያው ነው። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የተባለውን ጌም ታሪክ ተመልከቱ። ናክስራማስ የሚባለው ከባዱ ሬድ (በትልቅ ቡድን የሚገባበት ውጊያ) የተከፈተው እ.ኤ.አ. በጁን 2006 ነበር። ለመግባት 40 ሰው ማሰባሰብ ያስፈልጋል። ጃንዋሪ 2007 ላይ የመጀመሪያው ኤክስፓንሽን (ትልቅ ተጨማሪ ክፍል) ወጣና ጣሪያው ከ60 ወደ 70 ከፍ አለ። ከዚያ በኋላ በአዲሱ አገር ተራ ሥራ ሠርቶ የሚገኘው አረንጓዴ (ተራ ደረጃ) ዕቃ ብዙውን የድሮ ሐምራዊ (ከፍተኛ ደረጃ) ዕቃ ያስንቅ ጀመር። ናክስራማስን ያዩት ጥቂቶች ስለነበሩ ኩባንያው ራሱ በ2008 ለሌቨል 80 አስተካክሎ እንደገና አወጣው።

በተቃራኒው ጊልድ ዋርስ 2 አለ። በ2012 ሲጀመር ጣሪያው 80 ነበር፤ ዛሬም 80 ነው። እሱም ቢሆን ንጹሕ አይደለም። በወጣ በጥቂት ወር ውስጥ ከምርጡ ዕቃ በላይ ሌላ ደረጃ ሲጨምር ሰዉ በጣም ተቆጥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን አልደገመውም። ስለዚህ እንደኔ ሥራ ያለው፣ አንዳንዴ ወር ሙሉ የሚጠፋ ሰው ከሆናችሁ፣ ጣሪያው የማይንቀሳቀስ ጌም ምረጡ። ስትመለሱ ዕቃችሁ እንደነበረ ይጠብቃችኋል።

ጣሪያው የሚንቀሳቀስ ከሆነ ደግሞ ሕጉ አጭር ነው። ኤክስፓንሽን የሚወጣበት ቀን ከተነገረ በኋላ ለዕቃ አትልፉ። ያን ጊዜ የሚያዋጣው የማይሻረውን መሰብሰብ ነው፦ ፈረስ፣ ልብስ፣ ማዕረግ፣ ያላያችሁት ታሪክ። የጌሙ ጨዋታ ሁሉ ዕቃ ብቻ ነው የምትሉ ካላችሁ ይህ ምክር ለእናንተ አይሆንም።

ቀጥሎ ፓች ኖቱን፣ ማለትም አፕዴቱ (ፓቹ) ምን እንደቀየረ የሚዘረዝረውን ጽሑፍ፣ አንብቡ። ረጅም ነው፣ ያሰለቻል፣ አውቃለሁ። ሁሉንም አታንብቡት። ሁለት ነገር ብቻ ፈልጉ። አንደኛ፣ አዲስ የመገበያያ ሳንቲም መጥቷል ወይ? ከመጣ አሮጌው ብዙውን ጊዜ ይሻራል፣ ወይ በርካሽ ይመነዘራል። ስለዚህ ከአፕዴቱ በፊት አራግፉት። ሁለተኛ፣ ከጌሙ የሚነሳ ነገር አለ ወይ? ሰው የሚጨመረውን ብቻ ያይና የሚቀነሰውን ይረሳል። ዴስቲኒ 2 በኖቬምበር 2020 አዲስ ኤክስፓንሽን ሲያወጣ በ2017 የተሸጠበትን ዋና ታሪክ ከጌሙ አነሳው። ከፍለው የገዙ ሰዎች ድንገት መግቢያው ጠፋባቸው። እንዲህ ዓይነት ማስታወቂያ ካያችሁ አዲሱን ተዉትና የሚጠፋውን ቶሎ ጨርሱ።

አሁን ወደ እኛ አገር ጉዳይ እንግባ፤ ፓኬጅና መብራት። በመጀመሪያው ቀን ዳውንሎድ ማድረግ ከሁሉም የከፋው ምርጫ ነው። ሰርቨሩ ይጨናነቃል፣ ያልተጣራ ስሕተት ይኖረዋል፣ በማግስቱ ደግሞ ማስተካከያ ተብሎ ሌላ ፋይል ይመጣል። እንደ ገንሺን ኢምፓክት ያሉት በየስድስት ሳምንቱ ስለሚያድሱ አብዛኛውን ፋይል ቀደም ብለው እንድታወርዱ ይፈቅዳሉ። ያንን በሌሊት ፓኬጅ አውርዱት። መብራት ቢሄድ ካቆመበት መቀጠሉን ግን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ሰዓቱንም ወደ እኛ ቆጣጠር ቀይራችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። የፋይናል ፋንታሲ 14 የቀን ሥራ የሚታደሰው በእኛ ምሽት 12 ሰዓት ነው፤ የሳምንቱ ደግሞ ማክሰኞ ከቀኑ 5 ሰዓት። የገንሺን የአውሮፓ ሰርቨር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ይታደሳል። ይህን ካወቃችሁ እንቅልፋችሁን አታቃጥሉም። የበዓል ዝግጅቶች ግን መቼም ከእኛ ጋር አይገጥሙም። የዋርክራፍት የገና ድግስ ጃንዋሪ 2 ላይ ያልቃል። የእኛ ገና ሲደርስ እነሱ ዛፉን አንስተዋል።

ገንዘብ። የዋርክራፍት የወር ክፍያ 14.99 ዶላር ነው። ብር በገበያ ዋጋ ይተመን ከተባለበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት ባንክ ውስጥ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ዛሬ ከ100 በላይ ነው። ካርድ ያለው ዘመድ ውጭ አገር ቢኖራችሁም ያ ሰው የጌም ባንካችሁ አይደለም። ስለዚህ በየወሩ አትክፈሉ። ኤክስፓንሽኑ ወጥቶ ሁለት ሦስት ፓች እስኪጠራቀም ጠብቁ፣ ከዚያ አንድ ወር ከፍላችሁ ሁሉንም በአንድ ላይ ጨርሱት። አዲስ ነገር አነሰ የሚባለው ቅሬታ እዚያው ይጠፋል። ፋይናል ፋንታሲ 14 እስከ ሌቨል 70 ድረስ፣ ሁለት ኤክስፓንሽን ጨምሮ፣ የጊዜ ገደብ በሌለው ነጻ ሙከራ ያጫውታል። አንዴ ከፍላችሁ ሙሉውን ከገዛችሁ ግን በዚያው አካውንት ወደ ነጻው መመለስ የለም። ነጻውን ሳትጨርሱ አትግዙ።

ጓደኞች ካሏችሁ፣ አፕዴት ከመውጣቱ በፊት ተነጋገሩ። ቡድን የሚፈርሰው በቦስ (በከባዱ ጠላት) ሳይሆን በፍጥነት ልዩነት ነው። አንዱ ሥራ ስለሌለው በሁለት ቀን ይጨርሳል፣ ሌላው ገና ዳውንሎድ ላይ ነው። የእኛ ቡድን ውል ቀላል ነው፦ ታሪኩን ቅዳሜ ማታ አብረን እናየዋለን፣ በሌላው ቀን የፈለገ ሙያውን ያሳድግ። ቀድሞ አይቶ የሚያወራ ሰው ቡና ይጋብዛል።

በመጨረሻ፣ ቅሬታ አቀራረብ። በድምፅ የሚወስኑ ጌሞች አሉ። ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕ ዋና ዋና ለውጦችን ለተጫዋች ያቀርባል፤ 70 በመቶ ካልደገፈው አይገባም። በ2019 ዋርዲንግ የተባለ አዲስ ሙያ በድምፅ ወድቋል። እንዲህ ያለ ጌም ላይ ከሆናችሁ ከመናደድ በፊት ድምፅ ስጡ። ሌሎቹ ጋ ደግሞ ክፍያ ስትሰርዙ ብዙ ጊዜ «ለምን?» የሚል መጠይቅ ይመጣል። ሰው ዘሎት ያልፋል። እናንተ ሙሉት። «ጌሙ ተበላሽቷል» ብላችሁ አትጻፉ፤ ማንም ምንም አያደርግበትም። የትኛው ፓች፣ የትኛው ዕቃ፣ ከምን ወደ ምን እንደወረደ፣ ምን ቢስተካከል እንደምትመለሱ ጻፉ። በቀላል እንግሊዝኛ፣ ሦስት አራት መስመር ይበቃል።