የሐረር ፔጆ 404 የኤሌክትሪክ ችግርና መፍትሄ፦ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ማሳውን እዩ

ይህን የምጽፈው ባትሪውን አስሞልቶ፣ ተርሚናሉን ጠርጎ፣ አምፖሉንና ፊውዙን አይቶ፣ ያም ሆኖ መኪናው ላልተስተካከለለት ሰው ነው። ከፈረስ መጋላ ሸዋ በር ሲመላለሱ የምናያቸው ፔጆ 404ዎች ፈረንሳይ ውስጥ መመረት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1960 ነው፤ የፈረንሳዩ አውቶሞቢል ደግሞ በ1975 ቆሟል። ስለዚህ ውስጣቸው የቀረ የፋብሪካ ሽቦ ካለ ትንሹ እንኳ ሃምሳ ዓመት ገደማ ሆኖታል። የሽቦው ልባስ ሲነኩት እንደ ድርቆሽ ይሰባበራል። በዚያ ላይ በየጊዜው የገባው ሁሉ የቀጠለው ቅጥያ አለ። እንዲህ ያለ መኪና ሽቦው ከነአካቴው ቢቀየር ደስ ይለኛል፤ ግን ሙሉ ሽቦ ቀይረው ማሳውን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በቦዲው በኩል ወደ ባትሪ የሚመለስበትን መንገድ፣ እንደነበረ የተዉ ሰዎች ከሳምንት በኋላ ተመልሰው ሲመጡ ስላየሁ ከእሱ ልጀምር።

ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው ትንሽ ሞተር) «ቸክ» ብሎ ይቆማል፤ ፍሬቻ ሲበራ የኋላ መብራቱ አብሮ ይጠቅሳል፤ የፊት መብራት ሲበራ የጌጁ ቀስት ቦታውን ይለቃል

ሦስቱ የማይገናኙ ይመስላሉ። ወደ እኔ ከመጡት ውስጥ አብዛኞቹ ግን የአንድ በሽታ ምልክቶች ነበሩ፤ ማሳ። 404 ለብቻው የቆመ ሻሲ የለውም፤ ቦዲው ራሱ ነው መኪናውን የሚሸከመው፣ ኤሌክትሪኩንም ወደ ባትሪ የሚመልሰው እሱ ነው። የእያንዳንዱ መብራት መንገድ ግማሹ ሽቦ፣ ግማሹ ላሜራ ነው ማለት ነው። ላሜራው ሲዝግ፣ ስቱኮ ሲለጠፍበት፣ ቀለም ሲነፋበት ያ ግማሽ መንገድ ይዘጋል። ሞተሩ ደግሞ የተቀመጠው ጎማ ላይ ነው። ከቦዲው የሚያገናኘው የተጎነጎነ የመዳብ ገመድ ከሌለ ወይም ከተበጣጠሰ፣ ሞተሩ በኤሌክትሪክ በኩል አየር ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ሞተሪኖ ሲያስነሳ በቀላሉ 150 አምፔር ይስባል። መመለሻው ላይ 0.02 ኦም ብቻ ተቃውሞ ቢኖር 3 ቮልት እዚያው ይቀራል። ከ12 ቮልቱ 9 ይደርሰዋል፣ ባትሪውም በጭነት ሲወርድ ከዚያ ያነሰ። በዚህ ሞተሪኖ በአግባቡ አይዞርም። 0.02 ኦም ደግሞ ተራ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) በኦም ሲለካ አይታይም፣ «ደህና ነው» ይላችኋል። በኦም የሚለካ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ጋሼ 404ቱን በሰው አስገፍተው አመጡ። ከዚያ በፊት ሁለት ሞተሪኖና አንድ አዲስ ባትሪ ገዝተዋል። «አቦ፣ ሦስተኛ ሞተሪኖ ፈልግልኝ» አሉኝ። «ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሱኝ፣ መጀመሪያ ልለካው» ብዬ ቴስተሩን ሰካሁ። ሲያስነሱት በሞተሩ ብሎክና በባትሪው ኔጌቲቭ መካከል 3.4 ቮልት አነበብኩ። የተጎነጎነውን ገመድ ስፈታው ውስጡ አረንጓዴ ሆኗል፤ ሳይበጠስ የቀረው ጥቂት ክር ነው። ገመዱን ቀየርኩ፣ መቀመጫውን ጠረግሁ፣ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳ። በኋላ ሞተሪኖዎቹን አውጥቼ ሞከርኳቸው፤ ሁለቱም ጤነኛ ናቸው። እኚህ ሰው የከፈሉት ገንዘብ እስካሁን ይቆጨኛል፤ «ሞተሪኖው ነው» ያላቸው አንድም ሰው አልለካም ነበር።

ሌላው ከዚህ ይብሳል። ሞተር አውርዶ የሰቀለ አንድ ጋራዥ ገመዱን መመለስ ረሳ። ባለመኪናው ሲያስነሳ ከኳድሮው (ጌጆቹ ካሉበት ሰሌዳ) ሥር ጭስ ወጣ። የሞተሪኖው ኤሌክትሪክ ሌላ መመለሻ ሲያጣ በቾክ ገመዱ (ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ለማስነሳት በሚሳበው) በኩል ነበር የሄደው። ቀጭኑ የብረት ገመድ ቀልቶ ልባሱን አቅልጦታል። የዚያ ገመድ ሌላው ጫፍ ካርበሬተሩ ላይ ነው፤ ቤንዚን ያለበት ቦታ! ስለዚህ የቾክ ወይም የነዳጅ ገመድ ከሞቀባችሁ፣ ቢጨስባችሁ፣ ያለ ምክንያት ቢደርቅባችሁ ገመድ አትግዙ፤ መጀመሪያ ማሳውን ፈልጉ። ሞተር አስወርዳችሁ መኪናችሁን ስትረከቡም ኮፈኑን ከፍታችሁ ያ የተጎነጎነ የማሳ ገመድ መታሰሩን በዓይናችሁ እዩ። ቁልፉን ከማዞራችሁ በፊት።

አለካኩ እንዲህ ነው። ሞተሩ እንዳይነሳ የቦቢናውን (ለሻማው እሳት የሚሰጠውን) ሽቦ ንቀሉ። ቴስተሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርጋችሁ አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ምሰሶ ላይ፣ ሌላውን ቀለም የሌለው የሞተር ብሎክ ላይ ያዙ። ምሰሶው ላይ ነው ያልኩት፣ የገመዱ ማሰሪያ ላይ አይደለም፤ ማሰሪያው ራሱ ጥፋተኛ ሊሆን ይችላል። ሰው ቁልፉን አዙሮ ሞተሪኖውን ይምታላችሁ። ከ0.3 ቮልት በታች ከሆነ በዚህ በኩል ሰላም ነው። ከበለጠ ብሎኩ ላይ ያለውን ጫፍ ወደ ባትሪው እያስጠጋችሁ ለኩ፤ ንባቡ ድንገት የሚወርድበት ቦታ ላይ ነው ጥፋቱ። ያው አለካክ ለመብራትም ይሠራል፦ መብራቱ በርቶ፣ ከአምፖሉ ቤት እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ። የኋላ መብራት ላይ 2 እና 3 ቮልት ያገኘሁባቸው ብዙ ናቸው። ፍሬቻው ከኋላ መብራቱ ጋር አብሮ የሚጠቅሰው ለዚህ ነው፤ የራሱ መመለሻ ሲጠፋ በጎረቤቱ አምፖል አቋርጦ ይመለሳል።

ጥገናው ትዕግሥት ይፈልጋል። ቡሎኑን ፍቱ፤ ላሜራውን በብርጭቆ ወረቀት ነጭ ብረት እስኪታይ ድረስ ፈግፍጉ፤ የገመዱንም ጫፍ እንዲሁ። ጥርስ ያለው ሮንዴላ አስገብታችሁ አጥብቁ። ግሪስ ወይም ቫዝሊን የሚቀባው ከታሰረ በኋላ ከላዩ ነው። ከሥሩ ቀብተው የሚያስሩ ሰዎች አሉ፤ ከዚያ «ጠርጌው ነበር እኮ» ይላሉ። ከሞተር ወደ ቦዲ የሚሄደው ከ25 ካሬ ሚሊሜትር አይነስ። ለኋላ መብራቶቹ በላሜራው አትተማመኑ፤ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ከፊት እስከ ኋላ ስቡና ሁለቱንም የመብራት ቤቶች እሱ ላይ እሰሩ። ለኳድሮውም ለብቻው አንድ ሽቦ ስጡት። ይህን ያደረግሁላቸው መኪኖች በዚህ በሽታ አልተመለሱም።

ቀለም ያስቀባችሁ ደግሞ ስሙኝ። መኪናው አምሮ ወጥቶ መብራቱ ከደከመ ቀለሙ የማሳ ቦታዎቹ ላይ ተነፍቷል ማለት ነው። ቀለም ቀቢው ቦታዎቹን በወረቀት እንዲሸፍን ቀድማችሁ ንገሩት።

ደንገጎ ላይ ይሞቃል፣ ከተማ ውስጥ ደህና ነው

ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር 1,880 ሜትር አካባቢ። በመካከል ያለው የደንገጎ ዳገት የ404ን ማራገቢያ የሚፈትን ነው። የዚህ መኪና ማራገቢያ ሁልጊዜ ከሞተሩ ጋር አይዞርም፤ ውሃው ሲሞቅ የሙቀት ስዊቹ ኤሌክትሪክ ይለቃል፣ ፑሌጃው (ቺንጋው የሚያዞረው መንኮራኩር) ላይ ያለው ማግኔት ማራገቢያውን ስቦ ይይዘዋል። ኤሌክትሪኩ ወደሚዞረው ማግኔት የሚደርሰው በአንዲት ትንሽ ካርቦን ነው። ካርቦኗ ስታልቅ ወይም በዘይትና በአቧራ ስትሸፈን ማራገቢያው አይያዝም። ሳይያዝም በትንሹ ስለሚዞር ሰው «ይሠራል» ይላል።

ሞተሩን አጥፍታችሁ ቁልፉን ብቻ ክፈቱ፤ የሙቀት ስዊቹን ሁለት ወገን በሽቦ አገናኙ። «ጠቅ» ካለና ማራገቢያውን በእጅ ስታዞሩት ፑሌጃው አብሮ ከያዘ ማግኔቱና ካርቦኗ ደህና ናቸው፣ ስዊቹ ይቀየር። ዝም ካለ ካርቦኗን አውጥታችሁ እዩ። ማራገቢያውን በቡሎን ደፍነው ለዘላለም የሚያስሩት አሉ። ድሬ ለሚውል ታክሲ አልቃወምም፤ ነዳጅና ጩኸት ይጨምራል እንጂ መኪናውን አያቃጥልም።

አዲስ ሽቦ ገብቶ የፊት መብራት ደክሟል

ማሳው ደህና ከሆነ ሽቦውን በምላጭ ፋቁት። ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው የሸጡላችሁ። ከድሬዳዋው ከፊራ ገበያም ይምጣ ከሐረር ሱቅ፣ ጥቅልሉ ላይ የተጻፈውን አትመኑ፤ ሳትፍቁ አንድ ሜትር አትግዙ። አሉሚኒየም ከመዳብ አንድ ተኩል ጊዜ በላይ ይቃወማል፣ ማሰሪያው ሥር ይላላል፣ ከዚያ ይሞቃል። ይህን ሽቦ እያወቀ ለመኪና የሚሸጥ ሰው የሰው ሕይወት ላይ እየነገደ ነው።

ሽቦው መዳብ ከሆነ የቀረው የመብራት ማብሪያው ነው፤ ያረጀ ኮንታክቱ ሁሉንም አምፔር ይሸከማል። አምፖሉ ላይ 10.5 ቮልት ብቻ ከደረሰ ከብርሃኑ ከሲሶ በላይ ጠፍቷል። ሁለት ሬሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ) አስገቡ፣ ከባትሪ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ በፊውዝ ስቡ፣ ማብሪያው ሬሌውን ብቻ ያዝዝ።

ፊውዙ በተደጋጋሚ ይቃጠላል

ሽቦ የሆነ ቦታ ላሜራ እየነካ ነው። በብዛት ያገኘሁት ወደ ኋላ ሻንጣው የሚሄደው ሽቦ ክዳኑ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ተልጦ ነው። የሲጋራ ፎይል፣ የመዳብ ክር፣ ምስማር በፊውዝ ቦታ አታስገቡ! ከኳድሮ ጀርባ ያለው ሽቦ በሙሉ ቀልጦ አንድ ጉብታ የሆነበት መኪና አይቻለሁ፤ ፊውዙ ቦታ ላይ ምስማር ነበር፣ የኋላ ወንበር ላይ ልጆች ነበሩ። ደግነቱ መኪናው ቆሞ ነበር። ለ1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ከ15 አምፔር በላይ ፊውዝ አይግባ። ሽቦ ስትነኩ መጀመሪያ ኔጌቲቩን ፍቱ፤ ፖዘቲቩን ቀድማችሁ ስትፈቱ የምትፈቱበት ቁልፍ ላሜራ ከነካ ባትሪው በእጃችሁ ላይ ያቃጥላል።

ናስትሮ (የኤሌክትሪክ ፕላስተር) ብቻውን ቅጥያ አይይዝም። በድሬ ፀሐይ ሙጫው ይቀልጣል። በተርሚናል ጨምቁ፣ ከላዩ በሙቀት የሚጠብ ቱቦ አልብሱ።

ጠዋት ባትሪው ባዶ ነው

ቴስተሩን አምፔር ላይ አድርጋችሁ ኔጌቲቩን ፈትታችሁ በምሰሶውና በገመዱ መካከል አስገቡ፣ በዚያ ሁኔታ ግን ሞተሪኖ አትምቱ፤ ቴስተሩ ይቃጠላል። ሁሉ ጠፍቶ ከ0.05 አምፔር በላይ ካነበበ ፊውዞቹን አንድ በአንድ ንቀሉ። ግማሽ አምፔር በ24 ሰዓት ውስጥ 12 አምፔር ሰዓት ይጨርሳል። አብዛኛውን ጊዜ ከባትሪ በቀጥታ የተቀጠለ የሙዚቃ ቴፕ ነው።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ሞተሩ እየሄደ ባትሪው ላይ ከ13.8 ቮልት በታች፦ የዲናሞው ካርቦን ወይም ቺንጋው። ከ14.8 በላይ፦ ሬጉሌተሩ (ቻርጁን የሚቆጣጠረው)፤ ባትሪውን ሳያፈላው ቀይሩት። ባትሪ ተገልብጦ ከታሰረ በኋላ ቻርጅ ማድረግ ያቆመ አልተርኔተር፦ ዳዮዶቹ ሄደዋል። ሲሞቅ ጠፍቶ ሲበርድ የሚነሳ፦ ቦቢናው። ክላክሱ መሪ ሲዞር ብቻ የሚጮህ፦ መሪው ሥር ያለው ሽቦ ተልጧል።