ሮምን ሳይሮጡ ማየት፦ ከደሴ ለሚነሳ ሰው

ሁለት የሰፈሬ ሰዎች ሮም ሊሄዱ ነው። ሰሞኑን ቡና ላይ ተቀምጠን ሊያዩ ያሰቡትን ሲዘረዝሩልኝ ቆጠርኩት። በአራት ቀን ሃያ ሦስት ቦታ! እኔም የመጀመሪያ ጊዜ የሄድኩት እንደዚሁ ነበር። ጠዋት ኮሎሲየም፣ ከሰዓት ቫቲካን፣ ሲመሽ ደግሞ ፏፏቴው። ማታ የአክስቴ ልጅ «እሺ፣ የቱ ነካሽ?» ስትለኝ መልስ አጣሁ። ስለዚህ ለነሱ የነገርኳቸውን ለእናንተም ልጻፈው።

በቀን አንድ ትልቅ ነገር ብቻ ያዙ። ሌላውን ሰዓት ለእግራችሁና ለዓይናችሁ ተዉት። እኛ ጋ አቦል ጠጥቶ ብድግ የሚል እንግዳ አይወደድም አይደል? ቶናውም በረካውም ይጠበቃል። ሮምም እንደዚያው ናት።

ቪዛውን በጊዜ ጀምሩ። የሸንገን ቪዛ እስከ 6 ወር ቀደም ብሎ ማመልከት ይቻላል፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስም ይጠየቃል። ለወረቀቱ አዲስ አበባ መመላለስ ስላለ ከደሴ ለሚነሳ ሰው ቀኑ ቶሎ ያልቃል። ወቅቱን መምረጥ ከቻላችሁ ሚያዝያና ግንቦት፣ ወይም መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ይሻላል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሙቀቱ ከባድ ነው፣ የጦሳ ተራራን ብርድ የለመደ ሰው ይፈተናል። በነሱ ኦገስት 15 የፍልሰታ በዓላቸው ነው። እኛ ገና ጾም ላይ ሆነን እነሱ ሱቅ ዘግተው ባሕር ዳርቻ ይሄዳሉ።

ሌላ አንድ ነገር፣ ሰዓቱ። ትኬት ላይ 9:00 የሚለው የኛ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። የምታውቁት ነገር ቢሆንም በድካም ቀን ይምታታል፣ በተለይ እናት አባት ይዛችሁ ከሄዳችሁ ሁሉንም በኛ ሰዓት ወረቀት ላይ ጻፉላቸው።

ከፊውሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ ቀጥታ ባቡሩን ብትይዙ በ32 ደቂቃ ተርሚኒ፣ ዋናው ባቡር ጣቢያ፣ ትደርሳላችሁ። ቋንቋው አያስፈራችሁ፣ ከምታስቡት በላይ ታውቃላችሁ። አውቶቡስ የሚቆምበት ፌርማታ ነው። ገበያው መርካቶ። መታጠቢያ ቤቱ ባኞ። «ፎርኖ» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ግቡ፣ ዳቦ ቤት ነው፣ ፒዛም በቁራጭ እየቆረጠ ይሸጥላችኋል። አደባባዩ ደግሞ ፒያሳ ነው፣ ደሴ ላይ እንደምንለው።

ከተርሚኒ ስትወጡ ሻንጣ እየጎተታችሁ አትሩጡ። ፊት ለፊታችሁ ያለው ሰፊ አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኮቼንቶ ይባላል፣ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ማለት ነው። አምስት መቶዎቹ በ1887 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ያለቁት የጣልያን ወታደሮች ናቸው። በሚሊዮን የሚቆጠር ቱሪስት በላዩ ያልፋል፣ ስሙ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ግን ብዙ አይደለም። ከአደባባዩ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ፣ ዲዮቅልጥያኖስ ካሠራው መታጠቢያ ፍርስራሽ አጠገብ፣ ለነሱ የቆመው የመታሰቢያ ሐውልት አለ። ላዩ ላይ ያለው ድንጋይ የግብፅ ነው፣ የዳግማዊ ራምሴስ። እኔ እዚያ ጥላ ስር ቁጭ ብዬ ያሰብኩት ውጫሌን ነበር። ውጫሌ ከደሴ ወደ ወልድያ ስትሄዱ አምባሰል ላይ የምታልፏት ከተማ ናት። ዶጋሊ በሆነ በሁለት ዓመቱ፣ በ1889፣ ውሉ የተፈረመው እዚያ ነው። አንቀጽ 17 በአማርኛ አንድ፣ በጣልያንኛ ሌላ ሆኖ ነገሩ አድዋ ላይ ደረሰ። ለኔ የሮም ጉብኝት የሚጀምረው እዚህ አደባባይ ላይ ነው።

እግረ መንገዳችሁን እዚሁ ሰፈር ውስጥ ኪሳችሁን ጠብቁ። ተርሚኒና ወደ ቫቲካን የሚሄደው 64 ቁጥር አውቶቡስ በኪስ አውላቂ የታወቁ ናቸው። ጓደኛዬ ስልኳን በተጨናነቀ አውቶቡስ ውስጥ አጥታ ሦስት ቀን ሙሉ ደስታዋ ጠፋ። ፓስፖርት ከልብስ ስር፣ ቦርሳ ከፊት።

ውሃ አትግዙ። ከተማው ውስጥ 2,500 አካባቢ የሚሆኑ የመጠጥ ውሃ ቧንቧዎች መንገድ ዳር ቆመዋል፣ የመጀመሪያዎቹ የተተከሉት በ1874 ነው። ናሶኒ ይሏቸዋል፣ ትልልቅ አፍንጫዎች እንደማለት። ቀዝቃዛ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ በነፃ ነው። የቧንቧውን አፍ በጣታችሁ ስትዘጉት ከላይ ባለችው ቀዳዳ ሽቅብ ይፈነጥቃል፣ ጎንበስ ሳትሉ ትጠጣላችሁ። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ከኮሎሲየም በላይ የሚወዱት ይሄንን ነው። የትሬቪ ፏፏቴ ውሃም መጀመሪያ የመጣው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ19 ዓመት በተሠራ የውሃ መስመር ነው። ወደ ትሬቪ ግን ጎህ ሲቀድ ሂዱ፣ ከረፈደ የሰው ትከሻ ብቻ ነው የሚታየው።

ለኮሎሲየም ትኬቱን ቀድማችሁ በኢንተርኔት ግዙ። ስም ይጻፍበታል፣ ስለዚህ ፓስፖርት ያዙ። መደበኛው ትኬት ከጎኑ ካሉት ከፎሮ ሮማኖ (ከጥንቱ የሮም አደባባይ) እና ከፓላቲኖ ኮረብታ ጋር አንድ ላይ ነው፣ ብዙ ሰው ሳያውቅ ኮሎሲየምን ብቻ አይቶ ይወጣል። እኔ የምመክረው ፓላቲኖን አስቀድሙ፣ ጥላ አለው፣ ከላይ ሆናችሁም ፍርስራሹን ሁሉ ታዩታላችሁ። የወሩ የመጀመሪያ እሁድ መግቢያው ነፃ ነው፣ ግን ሰልፉ ረጅም ነው።

ፓንቴዎን ላይ ጊዜ ስጡ። ይሄን ከልቤ ነው የምለው። በንጉሥ ሐድርያኖስ ዘመን፣ ወደ 1,900 ዓመት ገደማ ሊሆነው ነው፣ የተሠራ ነው። የጉልላቱ ስፋት 43 ሜትር፣ መሐሉ ላይ ክብ ቀዳዳ አለ፣ ዝናብ ሲመጣ በዚያ ይገባል፣ ወለሉ ላይ ባሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ይወርዳል። ላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስ ጫፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል ያየ ሰው፣ እዚህ ከታች ቆሞ ሽቅብ ሲያይ ምን እንደሚሰማው ደርሳችሁ ንገሩኝ። የፀሐይዋ ክብ ብርሃን ቀስ እያለች ግድግዳው ላይ ስትሄድ ለማየት ግማሽ ሰዓት ብትቆሙ አይከፋችሁም። ከመውጣታችሁ በፊት ወደ መቃብሮቹ ጠጋ በሉ። ሠዓሊው ራፋኤል እዚያ ነው። ቀዳማዊ ንጉሥ ኡምቤርቶም እዚያ ነው። የውጫሌ ውል በጣልያን በኩል የተፈረመው በዚህ ሰውዬ ስም ነበር።

ቫቲካን ስትሄዱ ትከሻና ጉልበት ይሸፈን። ሴቶች ነጠላ ቦርሳችሁ ውስጥ ጣል አድርጉ፣ በቂ ነው። የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን መግቢያ አይከፈልበትም። ሙዚየሙ ግን ይከፈልበታል፣ የወሩ የመጨረሻ እሁድ ጠዋት ካልሆነ በቀር። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ቫቲካን ግቢ ውስጥ፣ ሳንቶ ስቴፋኖ ዴሊ አቢሲኒ የሚባል አለ። የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ማለት ነው። ድሮ መነኮሳቶቻችን የሚያርፉበት ነበር፣ የግእዝ አዲስ ኪዳን በ1548 የታተመውም በነሱ ጥረት ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1649፣ ጀርመናዊው ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ ሮም መጥቶ እዚያ ያገኛቸው አባ ጎርጎርዮስ የመካነ ሥላሴ ሰው ነበሩ፣ ከዛሬው ደቡብ ወሎ ማለት ነው። ሉዶልፍ ለአውሮፓ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት የጻፈው ከሳቸው ተምሮ ነው። ቦታው እንደሌሎቹ ዘው የሚባልበት አይደለም፣ ግን ጉልላቱ ላይ ወጥታችሁ ወደ አትክልቱ ስትመለከቱ እዚያ አካባቢ መሆኑን ዕወቁ።

ገንዘብ ካጠረ አትዘኑ። የሚካኤል አንጄሎ ሙሴ ሳን ፒዬትሮ ኢን ቪንኮሊ ውስጥ በነፃ ይታያል፣ የካራቫጆ የማቴዎስ ሥዕሎችም ሳን ሉዊጂ ዴይ ፍራንቼዚ ውስጥ። ብዙዎቹ አብያተ ክርስቲያናት ከቀትር በኋላ ለጥቂት ሰዓት ይዘጋሉና ጠዋት ግቡ።

አሁን ወደ ምግቡ። እኛ ጋ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አሳማ አይበላም፣ ሮም ደግሞ ታዋቂዎቹ ፓስታዎቿ ውስጥ አሳማ አለ። ካርቦናራ፣ አማትሪቻና፣ ግሪቻ፣ ሦስቱም ጓንቻሌ የሚባል የአሳማ ጉንጭ ይገባባቸዋል። ስሙን ያዙት። ካቾ ኤ ፔፔ ግን አይብና ቁንዶ በርበሬ ብቻ ነው፣ እሱን እዘዙ። ከተጠራጠራችሁ «ሴንሳ ማያሌ» በሉ፣ ያለ አሳማ። ለጾመኛ ፒዛ ማሪናራ አለላችሁ፣ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት፣ አይብ የለውም። ስፓጌቲ በነጭ ሽንኩርትና በዘይትም አለ። ሐላል ሥጋና ቅመም ፒያሳ ቪቶሪዮ አካባቢ ይገኛል፣ እንጀራ ከናፈቃችሁ ደግሞ የሐበሻ ምግብ ቤት ተርሚኒ ዙሪያ አታጡም።

ቡናው ሌላ ጉዳይ ነው። ባንኮኒ ላይ ቆማችሁ ጠጡ፣ ወንበር ላይ ከተቀመጣችሁ ዋጋው ይጨምራል። ማኪያቶ ብትሉ ትንሽዬ ስኒ ውስጥ ወተት ጠብ ያለበት ቡና ነው የሚመጣው፣ የኛ ማኪያቶ የናፈቀው ካፑቺኖ ይበል። «ላቴ» ካላችሁ ወተት ብቻ ይሰጧችኋል።

ለጁምዓ ታላቁ መስጊድ አለ፣ በ1995 የተከፈተ፣ ከአውሮፓ ትልልቆቹ አንዱ። ንድፉን ከሠሩት አንዱ ፓኦሎ ፖርቶጌዚ ነው። ውስጡ ያሉት ምሰሶዎች ወደ ላይ ሲወጡ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ይጠላለፋሉ። ሁለቱ የሰፈሬ ሰዎች አንዱ ሙስሊም አንዷ ክርስቲያን ናቸው፣ መስጊዱም ቫቲካንም አብራችሁ ሂዱ አልኳቸው። ቅርቡ የባቡር ፌርማታ ካምፒ ስፖርቲቪ ነው።

የመጨረሻውን ቀን ከሰዓት ባዶ አድርጉት። በሜትሮ ቺርኮ ማሲሞ ውረዱ። ስትወጡ የምታዩት ትልቅ ነጭ ሕንፃ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ነው፣ ሲሠራ ግን ለጣልያን የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር የታሰበ ነበር። ከፊቱ ያለው አደባባይ ፖርታ ካፔና ይባላል። በ1937 ከአክሱም የተወሰደው ሐውልት፣ 24 ሜትር ርዝመት ያለው፣ በ2005 ወደ አገሩ ከመመለሱ በፊት ከስልሳ ዓመት በላይ የቆመው እዚህ ነበር። ዛሬ መኪና ብቻ ነው የሚዞረው፣ የሚያሳይ አስጎብኚም አይመጣም። ዳር ላይ ቆማችሁ ቀና በሉና የነበረበትን ሰማይ እዩት።