ኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር «አክቲቬት አድርጉ» ሲላችሁ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬና በገላን በኩል፣ ኮንዶሚኒየሞቹ ግራውንድ ላይ ያሉት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች ሥራ አይፈቱም፦ ማመልከቻ፣ ሲቪ፣ የኪራይ ውል፣ የተማሪ አሳይመንት። ኮምፒውተሮቹ ላይ ያለው ዊንዶውስና ኦፊስ ግን ብዙ ጊዜ በክራክ፣ ማለትም ቁልፉ በሕገ ወጥ መንገድ ተሰብሮ፣ የተጫነ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ካቆመ ወዲህ የዊንዶውስ ምትክ ወደሆነው ሊኑክስና የኦፊስ ምትክ ወደሆነው ሊብረኦፊስ መዞር የሚፈልግ ሰው እየመጣ ነው፤ ሁለቱም ኦፕን ሶርስ ናቸው፣ ማለትም ኮዳቸው ክፍት ነው፣ ላይሰንሳቸውም (የአጠቃቀም ፈቃዳቸው) ማንም እንዲጠቀምባቸውና እንዲያባዛቸው ይፈቅዳል፤ ከልቤ ደስ ይለኛል። የሚያሳስበኝ የክራክ ዘመን አስተሳሰብ አብሮ መምጣቱ ነው። ማንኛውም ፕሮግራም ቁልፍ አለው፣ ቁልፉን የሚሰብር ወይም የሚሸጥ ሰው መፈለግ አለበት ይባላል። በዚህ አስተሳሰብ ሰዎች ገንዘባቸውን ያጣሉ፣ ማሽናቸውንም ለቫይረስ ይከፍታሉ።

ለሊብረኦፊስ «አክቲቬሽን» መክፈል

ሊብረኦፊስ ቁልፍ የለውም። አካውንት አይጠይቅም፣ የሙከራ ጊዜ የለውም፣ በዓመቱ አይታደስም። አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራል። ጀርባው ላይ ያለው እ.ኤ.አ. በ2010 የተመሠረተው ዘ ዶክዩመንት ፋውንዴሽን የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። ስታወርዱ ዕርዳታ የሚጠይቅ ገጽ ሊመጣባችሁ ይችላል፤ ይህ ልመና እንጂ ክፍያ አይደለም፣ ሳትከፍሉም ይወርዳል።

እዚህ ላይ ግን ፍትሐዊ እንሁን። ቤታችሁ ወይም ሱቃችሁ ድረስ መጥቶ የጫነላችሁ፣ የአማርኛ ፎንቶቹን ያስተካከለ፣ ፕሪንተሩን ያገናኘ ልጅ የድካሙን ዋጋ ሊከፈለው ይገባል። ሶፍትዌሩን መሸጥም ቢሆን ክልክል አይደለም፤ ፋውንዴሽኑ ራሱ በአፕል መደብር ሊብረኦፊስን በክፍያ ያቀርባል። የተከለከለው የመጠቀም መብታችሁን መልሶ ለእናንተ መሸጥ ነው። ስለዚህ ደረሰኙን አንብቡ። «የመጫኛ» ወይም «የጥገና» ቢል ተገቢ ነው። «የላይሰንስ ማደሻ፣ 1 ዓመት» ካለ ግን የየትኛው ፕሮግራም ላይሰንስ እንደሆነ ጠይቁ፤ መልሱ ሊብረኦፊስ ከሆነ አትክፈሉ።

ጫኚውን ፋይል ከየትም ማምጣት

ሁላችንም የዳታ ፓኬጅ እንቆጥባለን። ስለዚህ ፋይሉ ከቴሌግራም ቻናል ወይም ከጓደኛ ፍላሽ ይመጣል። ቪኤልሲ (የቪዲዮ ማጫወቻ) ወይም ጊምፕ (የፎቶ ማስተካከያ) ሲጫን ቁልፍ ከጠየቃችሁ፣ ወይም «መጀመሪያ በኢሜይላችሁ ተመዝገቡ» ካላችሁ፣ የያዛችሁት ትክክለኛው ፋይል አይደለም። መጫኑን አቁሙና አጥፉት፤ ኢሜይልም ሆነ ፓስወርድ አታስገቡ።

ይህ ባዶ ስጋት አይደለም። ሶርስፎርጅ የተባለው ትልቅ የማውረጃ ድረ ገጽ የጊምፕን የዊንዶውስ ጫኚ እ.ኤ.አ. በ2015 ማስታወቂያ በሚጭን ፕሮግራም ጠቅልሎ ሲያቀርብ ተገኝቷል፤ የጊምፕ ሠሪዎች ደግሞ ድረ ገጹን ከዚያ ሁለት ዓመት ገደማ ቀደም ብለው ለቅቀውት ነበር። የታወቀ ስም ብቻውን ዋስትና እንደማይሆን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ፓኬጅ መቆጠብ ከፈለጋችሁ መንገዱ ይኸውላችሁ። አንድ ሰው ከዋናው ድረ ገጽ ያውርድ። ከፋይሉ አጠገብ ሻ-256 (SHA-256) የሚባል ረጅም የቁጥርና የፊደል ሰንሰለት ይኖራል፤ ዊንዶውስ ላይ አብሮ የሚመጣው ሰርትዩቲል (certutil) የተባለው ትእዛዝ የወረደውን ፋይል ሰንሰለት ያወጣላችኋል። ሁለቱ አንድ ከሆኑ ፋይሉ አልተነካም። ከዚያ በፍላሽ ለሰፈሩ ሁሉ አድሉት። ላይሰንሱ ማባዛትን ስለሚፈቅድ ከማንም አትደብቁ።

የአማርኛ መጻፊያን ክራክ መፈለግ

የአማርኛ መጻፊያው ኪይማን ድሮ የሚሸጥ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ኤስአይኤል የተባለው በቋንቋዎች ላይ የሚሠራ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ከተረከበው በኋላ ነፃና ኦፕን ሶርስ ሆኗል። ክራክ ያለው አሮጌ ስሪት ፍላሻችሁ ላይ ካለ አጥፉት፣ አዲሱን አውርዱ፣ የአማርኛውን ኪይቦርድ ጨምሩበት። ሌላ የሚባል ነገር የለም።

ፕሮግራሙንና አገልግሎቱን አንድ አድርጎ ማየት

ከሁሉ በላይ ሰውን ሲያምታታ የማየው ይህ ነው። አንድ ፕሮግራም ኦፕን ሶርስ ሆኖም አካውንት ሊጠይቅ ይችላል፣ ጥያቄው ተገቢ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ሲግናል የተባለው የመልእክት መላኪያ ኮዱ ክፍት ነው፤ ግን መልእክቱ በሰርቨር በኩል ስለሚተላለፍ ስልክ ቁጥር ይዞ ይመዘግባል። የኢንተርኔት ማሰሻው ፋየርፎክስ ያለ አካውንት ሙሉ በሙሉ ይሠራል፤ አካውንት የሚያስፈልገው ቡክማርካችሁንና ፓስወርዳችሁን ከስልካችሁ ጋር ማመሳሰል ስትፈልጉ ብቻ ነው።

ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ የሆነው ኡቡንቱም እንደዚሁ ነው። ኡቡንቱ ፕሮ የሚል ገጽ ሲመጣ ብዙ ሰው «አክቲቬት ካላደረግሁ ይዘጋብኛል» ብሎ ይደናገጣል። አይዘጋም። ረጅም ድጋፍ ያለው የኡቡንቱ ስሪት ያለ ምንም ምዝገባ ለ5 ዓመት የደኅንነት ማሻሻያ ያገኛል። ፕሮ ተጨማሪ ዓመታትንና ተጨማሪ ጥቅሎችን (ፕሮግራሞችን) የሚሸፍን አገልግሎት ነው፤ እሱም ለግል ተጠቃሚ እስከ 5 ማሽን በነፃ ነው። ካልፈለጋችሁት እለፉት።

መለያው ቀላል ነው። ዋይፋዩን አጥፉና ፕሮግራሙን ክፈቱ። ደብዳቤ መጻፍ፣ ፎቶ ማስተካከል ወይም ቪዲዮ መክፈት እናንተ ጋ ባለው ማሽን የሚያልቅ ሥራ ነው፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ሎግ ኢን የሚያስገድድ ፕሮግራም ምክንያቱን ማስረዳት አለበት። መልእክት መላክ ወይም ማመሳሰል ግን በባሕርዩ ሌላ ወገን ይፈልጋል።

ኮዱ የሚታይ ሁሉ ኦፕን ሶርስ ነው ብሎ ማመን

የኦፕን ሶርስ ትርጉም እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ተጽፎ የተቀመጠ ነው። ላይሰንሱ በሰውም በሥራ መስክም አያዳላም፤ ፕሮግራሙ የደረሰው ሰው ሁሉ ሌላ ተጨማሪ ላይሰንስ ሳይፈርም መብቱን ያገኛል። ጂፒኤል 3 የተባለው የታወቀ የኦፕን ሶርስ ላይሰንስ እንዲያውም ፕሮግራሙን ለመቀበልና ለማስኬድ ብቻ ከሆነ ላይሰንሱን መቀበል እንኳ እንደማያስፈልግ ይናገራል።

ይህን የማያሟላ ነገር በተመሳሳይ ስም ይመጣል። ኦዱ የተባለው የንግድ ሥራ ማስተዳደሪያ ፕሮግራም ሁለት ነው፦ ኮሚዩኒቲ የሚባለው ኤልጂፒኤል በተባለ የኦፕን ሶርስ ላይሰንስ የተለቀቀ፣ ኢንተርፕራይዝ የሚባለው ደግሞ በክፍያና በምዝገባ ኮድ የሚሠራ። ሰበታ ያለ አንድ የቤት ዕቃ ወርክሾፕ «ኦዱ ነፃ ነው» ተብሎ በኢንተርፕራይዝ ሙከራ ቢጀምር፣ ጊዜው ሲያልቅ የሚመጣበት የኮድ ጥያቄ ሕጋዊ ነው። ክራክ ማፈላለግ የንብረት መዝገቡን በሙሉ ለማያውቁት ሰው እንደ ማስረከብ ነው። ከመጀመሪያው የትኛውን እንደሚጭኑላችሁ ጠይቁ።

የራስን ሰርቨር ፓስወርድ ማቃለል

ይህኛው ስህተት በተቃራኒው በኩል ነው። ኮሊብሪ ያለ ኢንተርኔት ትምህርት የሚሰጥ ኦፕን ሶርስ ፕሮግራም ነው። ዳር ሰፈር ያለ ትምህርት ቤት አንድ ኮምፒውተር ላይ ቢጭነው ተማሪዎቹ ስም አስገብተው ይገባሉ፤ ስሙን የሚመዘግበው ግን መምህሩ ነው፣ የሚቀመጠውም እዚያው ማሽን ላይ ነው፤ ለማንም ኩባንያ ማሳወቅ አያስፈልግም። በክሊኒኮች የሚሠራው የታካሚ መዝገብ መያዣ ኦፕንኤምአርኤስም መግቢያ አለው። እንዲህ ያለው ሎግ ኢን የተማሪውን ውጤትና የታካሚውን ምስጢር የሚጠብቅ በር ስለሆነ «አክቲቬሽን ነው» ብላችሁ ለማስወገድ አትሞክሩ።

ከፕሮግራሙ ጋር የሚመጣውን መነሻ ፓስወርድ ደግሞ በዚያው ቀን ቀይሩት። መመሪያው ላይ ታትሞ ስለሚገኝ ማንም ያውቀዋል። ትንሿን ኮምፒውተር የሚሠራው ራስፕቤሪ ፓይ እ.ኤ.አ. በ2022 ሁሉም ሰው የሚያውቀውን መነሻ ተጠቃሚ ከሲስተሙ ያስወጣው ለዚሁ ነው። አዲሱን ፓስወርድ የጫነው ልጅ ብቻ ይዞት እንዳይሄድ ጽፋችሁ በታሸገ ፖስታ ርዕሰ መምህሩ ወይም የክሊኒኩ ኃላፊ ዘንድ አስቀምጡት። ቢጠፋም ማሽኑ በእጃችሁ እስካለ ድረስ ሊኑክስ የሚያውቅ ሰው ሊቀይረው ይችላል፤ ቢሆንም በሥራው መካከል ዳታ እንዳይጠፋ፣ ከመጫኑ በፊት የዳታችሁ ባክአፕ (ቅጂ) የት እንደሚቀመጥ ተስማሙ።