ወደ ጫንጮ በብስክሌት፦ ጉዞውን ከመልሱ ጀምሮ ማቀድ

ከአዲስ አበባ ሳይርቁ በግማሽ ቀን ዳገትም ሜዳም ቁልቁለትም ለሚፈልግ ብስክሌተኛ የጎጃም መንገድን የሚያህል የለም። ከፒያሳ በአዲሱ ገበያ በኩል ሽቅብ ይወጣል፣ የእንጦጦን ተራራ ይሻገራል፣ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ይዘረገፋል፤ ከዚያ እስከ ጫንጮ ከተማ መንገዱ ገር ነው። ደርሶ መልሱ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ገና የጀመረ ሰው ሱሉልታ ላይ ቢመለስም ዋናውን ደስታ አላጣም፤ የባሕር ዛፉን ሽታ፣ የጠዋቱን ጉም፣ ጫፍ ላይ ደርሶ ሜዳውን ከላይ ማየትን አግኝቷል።

ችግር በብዛት የሚደርሰው ግን ሲመለሱ ነው። እግር ዝሏል፣ ውኃ አልቋል፣ ንፋስ ተነስቷል፣ ጠዋት ያልነበሩት ሲኖዎችና ሚኒባሶች መንገዱን ሞልተውታል፤ በዚህ ላይ ያ ጠዋት የተወጣው ዳገት አሁን ወደ ከተማ የሚያንደረድር ቁልቁለት ሆኖ ይጠብቃል። ስለዚህ ሰዓቱን ከመጨረሻው ወደ ኋላ ይቁጠሩ። ከረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል አዲሱ ገበያ ለመድረስ፣ 3 ሰዓት ተኩል ላይ የትም ይሁኑ የት ፊትዎን ማዞር አለብዎት። ጫንጮ ሁለት ኪሎ ሜትር ቀርቷት ቢሆንም ያው ነው። መነሻው 12 ሰዓት ተኩል፣ ቀኑ እሑድ ቢሆን ይመረጣል።

ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ከሰዓት በኋላ ያለውን ጊዜ ይርሱት፤ ሱሉልታ ላይ ዝናቡ ከበረዶ ጋር ይመጣል። ምርጡ ወቅት ከጥቅምት እስከ የካቲት ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ግን ሜዳው ጠዋት ውርጭ ይይዘዋልና ጣት የሚሸፍን ጓንት ሳይያዝ አይወጣም፤ የደነዘዘ ጣት ፍሬን አይጨብጥም። የመንገዱን ሰላም ደግሞ በዚያው ሳምንት ከሚመላለሱ የሚኒባስ ሾፌሮች ይጠይቁ። መልሳቸው ካጠራጠረዎት ሱሉልታም ድረስ አይሂዱ፤ እንጦጦ ላይ ዞረው ይመለሱ።

ከመውጣትዎ በፊት በነበረው ምሽት

ጠዋት በጨለማ ብስክሌት መፈተሽ ዋጋ የለውም፤ ማታ ይሥሩት። መጀመሪያ ጎማ። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ባለ 28 ሚሊ ሜትር ቀጭን ጎማ ከ75 እስከ 85 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ)፣ ባለ 40 ሚሊ ሜትር ከ45 እስከ 55፣ ባለ 2.1 ኢንች የተራራ ጎማ ከ28 እስከ 35 በቂ ነው። በጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ከፍተኛ መጠን አይለፉ። በጣት ተጭኖ መገመት አያዋጣም፤ 30ውም 50ውም ለጣት ድንጋይ ነው።

ፍሬን ላይ ጊዜ ይስጡ፤ የመልሱን ቁልቁለት የሚሸከመው እሱ ነው። ቸርኬውን ግራና ቀኝ የሚይዝ ዓይነት ከሆነ የፍሬን ጎማው ላይ ያሉት ቦዮች መጥፋት አለመጥፋታቸውን ይዩ፤ ከጠፉ ይቀየር። የዲስክ ፍሬን ከሆነ ከብረቱ በላይ ያለው ሸራ ከ1 ሚሊ ሜትር ከቀጠነ አልቋል። እጀታውን ሲጨብጡት ከመሪው ጋር የሚነካካ ከሆነ ሽቦው ላልቷልና እዚያው የሽቦ ማስተካከያዋን ወደ ውጭ በማዞር ያጥብቁት፤ የዘይት ፍሬን ከሆነ ግን አየር ገብቶበት ሊሆን ስለሚችል መካኒክ ይየው።

ሰንሰለቱን በማስመሪያ ይለኩ። ከአንድ ፒን መሐል ጀምሮ እስከ 24ኛው ቀጣይ ፒን መሐል ያለው ርዝመት አዲስ ሰንሰለት ላይ 304.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ 306.4 ከደረሰ ተስቧልና ይቀየር። ያለዚያ ጥርሶቹንም ይበላቸዋል፤ ዳገት መሐል ቆመው ሲረግጡም ይዘላል፤ ጉልበትዎ ከመሪው ጋር ይጋጫል። ለዘይት እያንዳንዷ መጋጠሚያ ላይ አንዲት ጠብታ አድርገው ፔዳሉን ወደ ኋላ ያሽከርክሩ፣ ከዚያ የተረፈውን በጨርቅ ይጥረጉ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት የብዙ ሰፈር ልማድ ነው፤ አቧራ ሰብስቦ ሰንሰለቱን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ከማስሞረድ በቀር አይጠቅምም።

የመቀመጫ ቁመት የጉልበት ሕመም ዋና ምንጭ ነው። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ተረከዝዎን ቢያሳርፉበት እግርዎ ቀጥ ማለት አለበት፤ በጣቶችዎ ሥር ሲረግጡት ያኔ ጉልበት ትንሽ እጥፍ ይላል። ሄልሜቱ ከቅንድብ ሁለት ጣት በላይ ይቀመጥ፤ ማሰሪያው ከአገጭ ሥር አንድ ሁለት ጣት ብቻ ያስገባ።

ብስክሌቱን ፈትተው በአውሮፕላን ያመጡ ካሉ አንድ ነገር ይወቁ፦ የግራ ፔዳል ክሩ ተቃራኒ ነው፣ ወደ ግራ ሲያዞሩት ይጠብቃል። በጉልበት ወደ ቀኝ ያጠበቁት ክር ይበላሻል።

ቦርሳ ውስጥ የሚገባው ይህ ነው፦ ልኩ ከጎማዎ ጋር የሚገጥም አንድ ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ ሁለት የፕላስቲክ ጎማ ማውጫ፣ ልጣፊ ከነማስቲሹና ከነብርጭቆ ወረቀቱ፣ ጨርቅ፣ ትንሽ መንፊያ፣ የአለን (ባለ ስድስት ጎን) ቁልፎች፣ ቸርኬው በብሎን የሚታሰር ከሆነ 15 ቁጥር ቁልፍ፣ ስልክ፣ መታወቂያ፣ ለሚኒባስ የሚበቃ ብር። አንድ ጋዜጣም ይጨምሩ፤ ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ ይመጣል።

ዳገቱ

አዲሱ ገበያን አልፎ የሚጀምረው ዳገት ጫፉ 2,800 ሜትር አካባቢ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ወደ 70 በመቶ ይወርዳል፤ ለዚህ ነው ከዱባይ ወይም ከቴል አቪቭ ለዕረፍት የመጣ ጠንካራ ብስክሌተኛ እዚህ እንደ ጀማሪ የሚያለከልከው። በመጡበት ሳምንት አይሞክሩት፤ ከሞከሩትም ጉራ ወደ ጎን ይሁን።

ፍጥነቱን የሚወስነው ትንፋሽ ነው። አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጡ መናገር እስከቻሉ ድረስ ልክ ነዎት። ማርሹን የሚቀይሩት ዳገቱ ከመክበዱ በፊት ነው፤ ሙሉ ክብደት ረግጠው እያሉ ሲቀይሩ ሰንሰለቱ ይንጣጣል፣ አንዳንዴም ይወልቃል። ከወለቀ ማርሹን ወደ ትንሹ የፊት ጥርስ ያድርጉ፣ የኋላውን ማርሽ መቀየሪያ ክንድ ወደ ፊት ገፍተው ሰንሰለቱን ያላሉት፣ ታች በኩል ጥርስ ላይ ያስይዙትና ፔዳሉን በእጅ ቀስ ብለው ያዙሩ። ጣትዎን በጥርስና በሰንሰለት መሐል አያስገቡ።

ቁልቁል የሚወርዱ እንጨትና ቅጠል የተሸከሙ ሰዎች፣ የተጫኑ አህዮችም ያጋጥማሉ። ደወል አህያን ያስበረግጋል፤ ከሩቅ ድምፅ አሰምቶ ቀስ ብሎ ማለፍ ይሻላል።

ሜዳው፣ በሶና ውሻ

ጫፉ ላይ ሲደርሱ ላብ አለብዎት፤ ወደ ሱሉልታ የሚወርዱት ደግሞ በቀዝቃዛ አየር ውስጥ ነው። ጋዜጣውን ዘርግተው ከሹራቡ ሥር ደረት ላይ ያስገቡት። ከማንኛውም ውድ ጃኬት ባልተናነሰ ንፋስ ይከለክላል፤ ሲሞቅ አውጥተው ለቀጣዩ መውረጃ ያስቀምጡት።

ምግብ ከመራብዎ በፊት ነው። በሰዓት ከግማሽ እስከ ሦስት ሩብ ሊትር ውኃ፣ ከመጀመሪያው ሰዓት በኋላ ደግሞ በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት (ኃይል ሰጪ ምግብ)፤ አንድ መካከለኛ ሙዝ ወደ 25 ግራም ይሰጣል። ለዚህ መንገድ በሶን የሚያህል የለም። ለግማሽ ሊትር ውኃ ሦስት የሾርባ ማንኪያ በሶ፣ አንድ ማንኪያ ማር፣ ቁንጥጫ ጨው። በሶውን አስቀድመው በወንፊት ካልነፉት የጠርሙሱን ጡት ይደፍነዋል፤ ከታችም ስለሚዘቅጥ ከመጠጣትዎ በፊት ይናጥ። ተለውሶ እንደ ጭብጦ ቢያዝ ደግሞ ጫንጮ ላይ ከሻይ ጋር ይበላል። ቆሎ ሲያርፉ ብቻ ይሁን፤ እያለከለኩ ቆሎ ማኘክ ትን ያስብላል።

ሜዳው ላይ ውሻ ከግቢ ወጥቶ ያባርራል። ቁልቁለት ላይ ካልሆኑ በፍጥነት ለማምለጥ አይሞክሩ፤ ሩጫ ያባብሰዋል። ይቁሙ፣ ይውረዱ፣ ብስክሌቱን በመሐል ያድርጉት፣ ኮስተር ብለው «ሂድ!» ይበሉ። ድንጋይ የሚያነሱ መስለው ጎንበስ ማለት አብዛኛውን ውሻ ይመልሳል። ከነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይጠቡና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂዱ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም።

በቡድን ከሆናችሁ የፊት ጎማችሁ ከፊት ካለው ሰው የኋላ ጎማ ጎን ለጎን እንዳይገባ። እሱ ጉድጓድ ለመሸሽ ቢታጠፍ የሚወድቀው ከኋላ ያለው ነው። ከፊት ያለው «ጉድጓድ!»፣ ከኋላ ያለው «መኪና!» እያለ ይጮኻል።

ጎማ ሲበሳ

አውላላ ሜዳ ላይ ጎሚስታ ስለማይገኝ ይህን መቻል ግዴታ ነው። የኋላ ጎማ ከሆነ ማርሹን ትንሹ ጥርስ ላይ አድርገው ቸርኬውን ያውጡ። የቀረውን አየር ያስተንፍሱ፤ የጎማውን ጠርዝ ዙሪያውን ወደ መሐል ይግፉትና ከቫልቩ በተቃራኒ በኩል በማውጫው ያንሱት። የውስጥ ጎማውን ሲያወጡ አቀማመጡን አያዛቡ፤ ቀዳዳው የት እንዳለ ማወቅ ምክንያቱን ይነግራል። በውጭ በኩል ከሆነ እሾህ ወይም ከፈነዳ የመኪና ጎማ የወጣ ሽቦ ነው። በቸርኬው በኩል ከሆነ የሽቦዎቹን ጫፍ የሚሸፍነው ላስቲክ ተንሸራቷል። ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ካለ አየሩ አንሶ ጉድጓድ ላይ ቸርኬው ቆንጥጦታል። ቫልቩ ሥር ከተቀደደ ልጣፊ አይዝም፤ ይቀየራል።

አዲሱን ከማስገባትዎ በፊት የውጭ ጎማውን ውስጥ ዙሪያውን በጨርቅ ያብሱ። ጨርቁን የሚይዘው ነገር ያቺ ሽቦ ናት። ይህን የዘለለ ሰው ትርፉንም ጎማ መቶ ሜትር ሳይሄድ ይበሳዋል። አዲሱ ቅርፁን እስኪይዝ ትንሽ ይነፋና ይግባ፣ ጠርዙ በእጅ ይመለስ፣ ተቆንጥጦ የቀረ እንደሌለ ግራና ቀኙ ይታይ፣ ከዚያ ይነፋ።

ትርፍ ካለቀና መለጠፍ ግድ ከሆነ ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍጉ፣ ማስቲሽ በስሱ ይቀቡና እስኪደርቅ አምስት ደቂቃ ይጠብቁ። እርጥብ ላይ ከለጠፉት ይላቀቃል።

ወደ ከተማ መውረድ

ከጫፉ ወደ አዲሱ ገበያ ሲወርዱ ፍሬኑን ያለማቋረጥ ይዞ መውረድ ትልቁ ስሕተት ነው። ቸርኬው ይግላል፣ የውስጥ ጎማው ሊፈነዳ ይችላል፤ ዲስክም ቢሆን ሲግል ይደክማል። ለአጭር ጊዜ ጠበቅ አድርገው ይይዙና ይለቃሉ፤ ይህም መታጠፊያው ውስጥ ሳይገቡ፣ ገና ቀጥ ባለው መንገድ ላይ። ሁለቱንም ፍሬን ይጠቀሙ። ክብደት ወደ ፊት ስለሚሄድ በደረቅ አስፋልት የበለጠ የሚያቆመው የፊቱ ነው፤ መገልበጥን ለመከላከል ወገብዎን ወደ ኋላ ያድርጉ። ጉድጓድ ላይ ከደረሱ ግን ፍሬኑን ይልቀቁና ፔዳሉ ላይ ቆመው በታጠፈ ጉልበት ይለፉ።

ከቆመ መኪና በር አንድ ሜትር ይራቁ፤ ተሳፋሪ የጫነ ሚኒባስ ያለ ምልክት ወደ ዳር እንደሚገባ ቆጥረው ይንዱ። ከወደቁ በኋላ ራስ ምታት፣ ማስታወክ ወይም ግራ መጋባት ካለ ሆስፒታል ይሂዱ፤ የተመታ ሄልሜት ስንጥቅ ባይታይበትም አያገለግልም።

ጉልበቱ ወይም ፍሬኑ ካላስተማመነ ከሱሉልታ በሚኒባስ መመለስ ይቻላል። ዋጋውን ሳይጫን ይስማሙ፤ ብስክሌቱ ጣሪያ ላይ ሲተኛ ማርሽ ያለበት ጎን ወደ ላይ ይሁን፤ ገመዱ የፍሬን ሽቦና የጎማ ሽቦ ላይ ሳይሆን ዋናው ብረት ላይ ይታሰር። ቤት እንደደረሱ ጎማውን በቀስታ እያዞሩ የተሰካ ስባሪ ጠርሙስ ካለ በጉጠት ያውጡ፣ ሰንሰለቱን ይጥረጉ፣ የበሶውን ጠርሙስ ሳያድር በሙቅ ውኃ ይጠቡ።